አራት ኮከብ ለአየር ማጽጃው፦ ከኬጂ ክፍል፣ ከጭስና ከወበቅ መሃል

ከአራት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ነው የማስተምረው። ሰሞኑን ከእኛ ብዙም በማይርቅ ጫካ ሰደድ እሳት ተነሳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭሱ ከላያችን አልለቀቀም፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ የሙቀት ማዕበል ገባ። እሳቱ እኛ ጋ አልደረሰም። ጭሱ ግን ደረሰ። መስኮት ስንከፍት ጭስ፣ ስንዘጋ ወበቅ። በዚህ መሃል ነው ለክፍላችን አየር ማጽጃ የገዛነው፣ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሌላ። የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ረዘም ይላል፤ ግን ትንንሽ ልጆች የሚያስተምር ወይም የሚያሳድግ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ማሽኑ ይሠራል። እንደገና ብገዛም ይህንኑ እገዛለሁ። ግን አንድ ነገር ሳላውቅ ስለገዛሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተቸግሬያለሁ፣ ልጆቹንም አስቸግሬያለሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ማሽኑ በመጨረሻው ፍጥነት ሲሠራ የሚሰጠው አየር ነው። በመጨረሻው ፍጥነት እየጮኸ ደግሞ ትንንሽ ልጆችን ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ መምረጥ ያለባችሁ ልጆቹ ቁጭ ባሉበት ልታበሩት በምትችሉት ፍጥነት በሚሰጠው አየር ነው። ይህን የነገረኝ ሻጭ የለም።

መጀመሪያ ስለ ጭሱ። ትልቁ ችግር በዓይን የሚታየው አመድ ወይም አፍንጫ የሚያሳክከው ሽታ አይደለም። ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ ነው፣ ስፋቱ 2.5 ማይክሮሜትርና ከዚያ በታች የሆነ። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮሜትር ይጠጋል፤ ብናኙ ከፀጉር 30 ጊዜ ያህል ይቀጥናል ማለት ነው። እንዲህ ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፣ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል። ልጆች ደግሞ ከክብደታቸው ጋር ሲተያይ ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባሉ፣ የአየር ቧንቧቸው ጠባብ ነው፣ ሳንባቸው ገና እያደገ ነው። በዚያ ላይ አንድ ቦታ አይቀመጡም፤ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ይጮኻሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ሰደድ እሳት ባለበት ቀን ይህን ቁጥር ብዙ እጥፍ ማለፍ ቀላል ነው። እሳቱ ሩቅ ነው ብሎ መተኛትም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የካናዳ የደን ቃጠሎ ጭስ ድንበር ተሻግሮ የኒው ዮርክን ሰማይ ብርቱካናማ አድርጎት ነበር።

ስልካችሁ ላይ የምታዩት የአየር ጥራት ቁጥር ብዙ ጊዜ በአሜሪካኖቹ መለኪያ ነው። ከ100 ሲያልፍ ለተጋላጮች ጎጂ፣ ከ150 ሲያልፍ ለሁሉም ጎጂ፣ ከ200 በላይ በጣም ጎጂ፣ ከ300 በላይ አደገኛ ይባላል። ልጆች ከተጋላጮቹ ወገን ናቸው። ስለዚህ የእኛ መስመር 150 ሳይሆን 100 ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋዋል፣ «ገና 130 ነው፣ ትንሽ ውጪ ይጫወቱ» ይላል። እኔ አልስማማም።

ወደ ማሽኑ ልምጣ። ሄፓ የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ያለው፣ አራት ፍጥነት ያለው፣ ቁመቱ ከልጆቹ ወንበር ትንሽ ከፍ የሚል ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም የምለው ነገር በአብዛኛው ለሁሉም ማሽን ይሠራል። እውነተኛ ሄፓ 0.3 ማይክሮሜትር የሆነውን ብናኝ ቢያንስ 99.97 በመቶ ይይዛል። «ከ0.3 በታች ያለውስ ያልፋል ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ከወላጆች ደጋግሞ ደርሶኛል። አያልፍም። 0.3 አካባቢ ያለው ለመያዝ በጣም የሚያስቸግረው ስለሆነ ነው መለኪያ የተደረገው፤ ከእሱ የሚተልቀውም የሚያንሰውም በተሻለ ይያዛል። «ሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓ መሰል» የሚል ካያችሁ ግን እለፉት፣ ያ ቃል ምንም ግዴታ የለበትም።

የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ቀድመን አበራነው፣ በመጨረሻው ፍጥነት። መስኮቱን ዘጋን፣ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ፎጣ ደፈንን። አንዲት ትንሽ የብናኝ መለኪያ ነበረችን፣ እሷን መደርደሪያው ላይ አስቀምጠን ስንጠብቅ ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ወረደ። ልጆቹ ሲገቡ ውስጡ ከውጪው ከግማሽ በታች ሆኖ ነበር። ለቀናት ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ የነበረው ነገር ቀለል አለኝ። አንዱ ልጅ ገና ከመግባቱ «እዚህ አይሸትም» አለ። እስከዚህ ድረስ አምስት ኮከብ።

ከዚያ ትምህርት ጀመርን።

ያን ቀን ተ እና ጠ ላይ ነበርን። ፊደል ያስተማረ ሰው ያውቃል፣ ተ እና ጠን፣ ከ እና ቀን፣ ሰ እና ጸን የሚለያቸው በጣም ትንሽ ነገር ነው፣ ምላስ ላይ ፈንዳ የምትል አንዲት ቅጽበት። ማሽኑ ሲነፍስ የሚያወጣው ሹሹታ የሚሸፍነው ያችኑ ቅጽበት ነው። እኔ ጠ ስል ግማሾቹ ተ ይሉኛል። አላጠፉም፣ የሰሙትን ነው የደገሙት። ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ እነሱም ከፍ አደረጉ፣ እኔ ደግሞ ከእነሱ በላይ፣ ሳይረፍድ ክፍሉ ገበያ መሰለ። ከእኩለ ቀን በፊት ድምፄ ሻከረ። ልጆቹ ተነጫነጩ፣ ሁለቱ ያለ ምክንያት አለቀሱ። አንዲት ሁልጊዜ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ አለችን። ያን ቀን አንድም ቃል ሳትናገር ነው የዋለችው፣ እኔም ይህን ያስተዋልኩት ማታ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። በጣም ነው ያዘንኩት።

አዋቂ ሰው ጫጫታ ውስጥ ያመለጠውን ቃል ከአረፍተ ነገሩ ገምቶ ይሞላዋል። ትንሽ ልጅ ቃሉን ራሱን ገና እየተማረ ስለሆነ የሚሞላበት የለውም። ለዚህ ነው የአሜሪካ የመማሪያ ክፍል ድምፅ መስፈርት ባዶ ክፍል ውስጥ የጀርባው ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ የሚለው። የእኛ ማሽን በመጨረሻው ፍጥነት ከ60 በላይ ነው፣ ከአንድ ሜትር ርቀት ከሚሰማ ተራ ንግግር ጋር ይስተካከላል። ከልጆቹ ጆሮ አጠገብ ሌላ ሰው ሳያቋርጥ እየተናገረ ነው እንደማለት።

በማግስቱ ፍጥነቱን ወደ ሁለት ቀነስኩት። ሰላም ሆነ፤ ጠ ጠ ሆነ። ግን መለኪያዋ ቀስ እያለች መውጣት ጀመረች። እዚህ ላይ ነው ቁጭ ብዬ ሒሳቡን የሠራሁት፣ ከመግዛቴ በፊት መሥራት የነበረብኝን። እናንተም ሥሩት፣ አይከብድም። የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ አባዙ። ለምሳሌ 8 በ7 በ3 ሜትር የሆነ ክፍል 168 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የክፍል አየር በሰዓት ቢያንስ 5 ጊዜ እንዲታደስ ወይም እንዲጣራ ይመክራል። 168 ሲባዛ በ5፣ 840 ሜትር ኩብ በሰዓት ይሆናል። ይህ ነው የምትፈልጉት። ጭሱ ከባድ ከሆነ ከዚህም በላይ ቢሆን ይመረጣል። ካርቶኑ ላይ ሲኤዲአር (CADR) የሚል ቁጥር ፈልጉ፣ ማሽኑ የሚሰጠው የተጣራ አየር መጠን ነው፤ በደቂቃ በኪዩቢክ ጫማ ከተጻፈ በ1.7 አባዙትና በሰዓት ወደ ሜትር ኩብ ይመጣላችኋል። «እስከ ይህን ያህል ካሬ ሜትር ይበቃል» የሚለውን አትመኑ፣ ብዙ ጊዜ በሰዓት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ በማጣራት የተሰላ ነው።

አሁን ዋናው። የእኛ ማሽን ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ለክፍላችን ይበቃ ነበር። በመጨረሻው ፍጥነት። በሁለተኛው ፍጥነት ምን ያህል እንደሚሰጥ መመሪያው ላይ የለም፣ ሻጩንም ብጠይቀው ሊነግረኝ አልቻለም። አንዳንድ አምራቾች ለየፍጥነቱ ያወጡታል፣ እነሱን ምረጡ። ካልተገኘ እኔ ግማሽ ብዬ ነው የማስበው። ስለዚህ ሁለተኛ ማሽን ገዛን፣ ያንኑ። ሁለቱንም በመካከለኛ ፍጥነት፣ በክፍሉ ሁለት ጫፍ። ስለ ድምፅ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፦ እኩል የሚጮኹ ሁለት ማሽኖች ሲደመሩ ድምፁ እጥፍ አይሆንም፣ በ3 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው፣ ጆሮ ብዙም ልዩነቱን አያውቀውም። አንዱን ማሽን ከመካከለኛ ወደ መጨረሻ መግፋት ግን ከዚያ በእጅጉ የበለጠ ያስጮኸዋል። ሁለት ትንሽ፣ ከአንድ ትልቅ ጯሂ ይሻላል። ወጪው ከፍ ይላል፣ አልክድም። ሰውም መዋጮ ሰጥቶን ነው የቻልነው።

የመጨረሻውን ፍጥነት ጨርሶ አልተውነውም። ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ በር ተከፍቶ ከተዘጋ በኋላ፣ ለመታጠብ ወጥተው ሲመለሱ፣ ያኔ እናስጮኸዋለን። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወደ ላይ፣ ልጆች ሲቀመጡ ወደ ታች። ይህ ልማድ ሲገባን ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ።

አውቶ የሚለውን፣ ማሽኑ ፍጥነቱን ራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገውን ቁልፍ አትንኩት። ማሽኑ አየሩን የሚለካው በራሱ ሆድ ውስጥ ባለች ትንሽ ሴንሰር ነው፣ ዙሪያው ያለው አየር ደግሞ ራሱ ያጸዳው ነው። ስለዚህ የክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ገና ጭስ ሳለ «ጠራ» ብሎ ራሱን ያቀዘቅዛል። የእኛ ትንሽ መለኪያ በሌላው ጫፍ ቀይ ስታሳይ ማሽኑ አረንጓዴ እያበራ አይቼዋለሁ። አንድ ኮከብ ከቀነስኩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፣ በተለይ ሳጥኑ ላይ ይህንን እንደ ትልቅ ነገር ስለሚያስተዋውቁት። መለኪያ ለብቻው ግዙ፣ ርካሹም ቢሆን አዝማሚያውን ያሳያል፣ ከማሽኑም አርቃችሁ በልጆቹ ትንፋሽ ከፍታ ላይ አስቀምጡት።

የመብራቱ ነገር ደግሞ ልጆች ያሉበት ካልሆነ አይታሰብም። ማሽኑ ግንባሩ ላይ ቀለበት መብራት አለው፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በሦስተኛው ቀን ቀይ ሲሆን አንዱ ልጅ ሥራውን አቁሞ «ማሽኑ ተቆጣ እንዴ?» አለኝ። ሌላው ቀበል አድርጎ «እሳቱ መጣ» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የሁሉም ዓይን እኔን ያያል። ያኔ ነው ያ መብራት ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው፦ ቀይ ማለት ማሽኑ ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው፣ እሳቱ መጣ ማለት አይደለም፣ እሳቱ ቢቀርብ የሚነግሩን ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ እኛም የምንሄድበትን ቦታ እናውቃለን። ከዚያ መብራቱን በወፍራም ፕላስተር ሸፈንኩት። መሸፈን ባይቻል ይህን ማሽን ለትንንሽ ልጆች አልመክርም ነበር።

ሌሎች ትንንሽ ነገሮች። አዮናይዘር (አየሩን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጸዳ ክፍል) የሚል ቁልፍ ካለ አጥፉት፣ ኦዞን ሊያወጣ ይችላል፣ ኦዞን ደግሞ ራሱ ሳንባ የሚያስቆጣ ጋዝ ነው። «በኦዞን ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጥ ማሽን ልጆች ያሉበት ክፍል አታስገቡ። የቁልፍ መቆለፊያው በጣም ጠቅሞናል፣ ያለ እሱ በየአምስት ደቂቃው የሚያጠፋው ልጅ አይጠፋም። ገመዱ አጭር ነው። ማከፋፈያ ስታስገቡ ልጆች በማይረግጡት በግድግዳው ሥር አሳልፋችሁ በፕላስተር ለጥፉት። የአየር መውጫው ቀዳዳ ለእርሳስ ይበቃል፤ እኛ ጋ አንድ የሰም ቀለም ገብቶ ነበር። ከመጋረጃና ከግድግዳ ራቅ አድርጉት፣ አየር የሚስብበት ከታፈነ ዋጋ የለውም።

ሽታውስ? ማጣሪያው ከኋላው ስስ የከሰል ሽፋን አለው። ሽታውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀነሰው፣ ከሳምንት በኋላ ግን ብዙም አልረዳም። ለሽታና ለጋዝ ከፈለጋችሁት ብዙ ኪሎ ከሰል ያለበት ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ደግሞ ሄፓም ከሰሉም አይዙትም፣ ለእሱ የራሱ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ አለ።

አሁን ሙቀቱ። ይህን ማሽን ብዙ ሰው ቬንቲሌተር ይመስለዋል፣ ነፋስ ስለሚያወጣ። አያቀዘቅዝም። እንዲያውም የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ሆኖ እዚያው ክፍል ይቀራል። ብዙ አይደለም፤ ግን መስኮት ተዘግቶ፣ ሃያ የሚጠጉ ትንንሽ ገላዎች እየሞቁ፣ ፀሐይ ጣሪያውን እየጠበሰች፣ ሁሉም ይደመራል። እኔን ከጭሱ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ኤሲ ያለው ክፍል ዕድለኛ ነው፣ የውጪ አየር እንዳይስብ የውስጡን ብቻ እንዲያዞር ማድረግ ነው። በውሃ ትነት የሚያቀዘቅዘው ዓይነት ግን የውጪ አየር እየሳበ ስለሚያስገባ በጭስ ቀን አይሆንም። እኛ ኤሲ የለንም። ፀሐይ በሚመታው ወገን ጠቆር ያለ ጨርቅ ሰቀልን፣ ቬንቲሌተር ውስጥ ለውስጥ አዞርን፣ አንገትና ክንዳቸውን በእርጥብ ጨርቅ አበስን። ቬንቲሌተርም ገደብ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን አትጠቀሙ ይላል፣ ያኔ ገላን የሚያሞቅ አየር ነውና የሚያመጣው።

ትንሽ ልጅ ሲጠማው ሁልጊዜ አይናገርም፣ በጨዋታ ከተያዘማ ጭራሽ። ስለዚህ «ማን ጠማው?» ብዬ መጠየቅ ተውኩ። በየ20 ደቂቃው ደወል እደውላለሁ፣ ሁሉም ይጎነጫል፣ እኔም ጭምር። ልጅ ገርጥቶ፣ ራሴን አመመኝ ወይም አቅለሸለሸኝ ካለ፣ ከተነጫነጨ ወይም ዝም ካለ፣ ወዲያው ቀዝቀዝ ወዳለ ቦታ ወስዶ ልብሱን ማቅለል፣ ማራስ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ነው። ግራ ከተጋባ፣ ከተዝለፈለፈ ወይም ገላው እንደ እሳት ከሆነ ያ የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል፤ አምቡላንስ እየጠሩ ማቀዝቀዝ ነው፣ መጠበቅ የለም። ክፍሉ መቀዝቀዝ ካልቻለ ደግሞ የጠራ አየር ብቻውን አያድንም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት ሙቀቱ ከአቅማችን በላይ ሆነ፣ አየሩ ንጹህ ነበር፣ ልጆቹ ግን ይፈዛሉ። ወላጆችን ጠርተን ሸኘናቸው። ማሽን ገዝተን ለምን ዘጋችሁ ያለን ሰው ነበር። አሁንም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው።

ሌላም ማሽኑ የማይሠራው ነገር አለ፣ የተነፈስነውን አየር አያድስም። በተዘጋ ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ራስ ይከብዳል። ጭሱ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ነፋሱ ሲዞር ቀለል ይላል። የውጪውን ቁጥር እያየን ሲወርድ ሁሉንም መስኮት ለአሥር ደቂቃ በርግደን፣ ዘግተን፣ ማሽኖቹን በሙሉ ኃይል ለቀቅናቸው። መለኪያዋ ትወጣለች፣ ከዚያ ትመለሳለች።

ሁለተኛ ማሽን መግዛት ለማይችል ሰው፣ ጎረቤት ክፍል ያለች ባልደረባዬ የሠራችውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ኮርሲ ሮዘንታል ሳጥን ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በሪቻርድ ኮርሲና በጂም ሮዘንታል ስም የወጣ። አራት ሜርቭ 13 (የማጣሪያ ደረጃ ነው) ማጣሪያዎችን እንደ ሳጥን አቁሞ በፕላስተር ማያያዝ፣ ታችኛውን በካርቶን መድፈን፣ አናቱ ላይ አራት ማዕዘን ቬንቲሌተር ወደ ላይ እንዲነፍስ አድርጎ ማሸግ ነው። ማጣሪያዎቹ ላይ ያለው ቀስት ወደ ውስጥ ይመልከት። ብናኙን በማውረድ ከእኛ ሁለት ማሽኖች ብዙም አልራቀም፣ በትንሽ ወጪ። ቦታ ይይዛል፣ ልጆች ይደገፉበታል፣ ቬንቲሌተሩም አዲስና ደህና መሆን አለበት፣ ሰው በሌለበት በርቶ አይተውም። ግን ልጆቹ ራሳቸው ካርቶኑን ቀብተው ስም አውጥተውለታል፣ የእኛን ነጭ ማሽኖች እንደዚያ አልወደዷቸውም።

ማስክ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ኤን95 የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው ማስክ በደንብ ከገጠመ ይሠራል፣ ግን ለትንሽ ፊት ተለክቶ የተሠራ ስላልሆነ ከጎን ያሾልካል። የጨርቁ ለጭስ አይረባም። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ምንም ዓይነት ማስክ አይደረግም። እኛ ከመኪና እስከ ክፍል ላለችው መንገድ ብቻ ነው የተጠቀምነው።

ትምህርቱን በተመለከተ፣ ማሽኑ ቦታ ሰጠን፣ ቀሪውን እኛ ነን የሞላነው። መሮጥ ተውን። ልጅ ሲሮጥ ትንፋሹ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ ውስጥም ቢሆን የቀረ ብናኝ አለ። በምትኩ ዝግታን ጨዋታ አደረግነው፣ እንደ ኤሊ መሄድ፣ እንደ ቅጠል ቀስ ብሎ መውደቅ፣ የቀለጠ በረዶ መሆን። የከበደውን ሁሉ፣ ፊደሉን፣ ቁጥሩን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ጨረስን፤ ከሰዓት ተረት፣ ጋደም ብሎ ማዳመጥ፣ እጅን ውሃ ውስጥ ነክሮ መጫወት። ስለ እሳቱ ሲጠይቁ የጠየቁትን ያህል ብቻ መለስኩ፣ አጭርና እውነት። «ምንም አይሆንም» አላልኩም፣ ያንን ቃል መጠበቅ የምችል ሰው አይደለሁም። በብሎክ ቤት ሠርተው «ተቃጠለ!» እያሉ ሲያፈርሱ የከለከልኩበት ቀን አለ፣ ተጸጽቼበታለሁ። ለካ እንደዚያ ነው የሚያወጡት። በኋላ ተውኳቸው፣ እነሱም በራሳቸው የእሳት አደጋ መኪና ጨመሩበት፣ ከዚያ ቤቱን መልሰው መሥራት።

አንድ ነገር ግን ማንም እንዳይሳሳት። ይህ ሁሉ እሳቱ ርቆ ጭሱ ብቻ ሲደርስ ነው። ውጡ ከተባለ መውጣት ነው፣ ማሽን፣ ማጣሪያ የሚባል የለም። በሩ አጠገብ የተሰቀለ ቦርሳ ነበረን፣ የልጆቹ ስም ዝርዝር፣ የወላጆች ስልክ በወረቀት ተጽፎ፣ የአስም ልጆች መድኃኒት፣ ውሃ። በየጠዋቱ ቦርሳውን ከማሽኑ በፊት ነው የማየው።

ማጣሪያው ስድስት ወር ይቆያል ይላል መመሪያው። በጭስ ሰሞን እርሱት። የእኛ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ግራጫ ሆኖ አየሩም ደከመ። የሚተካውን ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙ፣ ጭሱ ከመጣ በኋላ ሁሉም ስለሚፈልገው አይገኝም፣ እኛም አራት ቀን ጠብቀናል። ስትቀይሩ ልጆች በሌሉበት፣ ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ፣ ሳታራግፉ ቀጥታ ወደ ፌስታል።

አራት ኮከብ እንግዲህ። አንዱ የተቀነሰው ለአውቶው፣ ለመብራቱና የየፍጥነቱን ቁጥር ለደበቀው መመሪያ ነው።

የመጀመሪያውን ማጣሪያ ባወጣሁ ቀን በሚያሳይ ፌስታል በደንብ አሽጌ ለልጆቹ አሳየኋቸው። ከጎኑ አዲሱን ነጩን አቆምኩ። ዝም ብለው አዩት። «ይሄ ሁሉ ጭስ ነው?» አለች አንዷ፣ ያች ቀስ ብላ የምትናገረው። ሁለቱም ማሽኖች በርተው ነበር፣ እሷም የተቀመጠችው ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሰማኋት።